ከእጅ የሚሻል ማንኪያ

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወረድ ብሎ ባለ አንድ ኬክ ቤት ተቀምጫለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ ቤቱ ሞልቷል። ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ወንበሩ ላይ ተንበርክኮ ኬኩን ይጠብቃል። ኬኩ መጣ፤ ከጎኑ ትንሽ ሹካ ተጋድማለች። ሹካዋ ታምራለች። እጀታዋ ግን ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው።

ልጁ ሹካዋን በጭብጡ ያዛት። ኬኩን ሲወጋው ኬኩ ሸሸ። ደግሞ ሲወጋ ሹካዋ መዳፉ ውስጥ ዞረችበትና ጥርሷ ወደ ጎን ሆነ። በሦስተኛው ክሬሙን አነሳ፤ አፉ ጋ ሳይደርስ ግን ደረቱ ላይ ወደቀ። ይሄኔ ሹካዋን ሳይወረውር በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና ኬኩን በእጁ አፈሰው።

«በሹካ ብላ እንጂ፣ የኔ ጌታ!» አለች እናቱ ዙሪያዋን እየቃኘች። አስተናጋጁ ሶፍት ይዞ ደረሰላትና «ተይው እህቴ፣ ልጅ አይደል?» አላት።

ሁለቱም ልጁ ያጠፋ መስሏቸዋል፤ አንዷ ልትቆጣው፣ ሌላው ሊምረው። እኔ ግን በዚያ ወቅት ስለ ቤት ዕቃዎች የሚያወራውን ይህን መጽሐፍ እየጻፍኩ ነበርና ልጁን ከልቤ አመንኩት። የቀረበለትን መሣሪያ ሦስት ጊዜ ፈትኖ ፍርዱን ሰጥቷል። ቃሉ አልነበረውም እንጂ ቢኖረው ኖሮ አያቶቻችን የሚሉትን ይል ነበር፦ ከእጅ አይሻል ዶማ።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ እሱ ነው። ለትንንሽ ልጆች የሚሠራ ማንኪያና ሹካ ከእጅ እንዲሻል ምን ዓይነት መሆን አለበት?

ጥያቄው እኛ አገር ከሌላው ይበልጥ ይከብዳል። በማንኪያ ብቻ በሚበላበት አገር ማንኪያ ተፎካካሪ የለውም። እዚህ ግን ልጅ አፉን ሲፈታ ጀምሮ የሚያየው በእጅ ሲበላ ነው። ሕፃን ከዘጠኝና ከአሥር ወሩ ጀምሮ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ ትንሽ ነገር መልቀም ይችላል፤ እንጀራ ደግሞ ራሱ ምግብ፣ ራሱ ሳህን፣ ራሱ ማንኪያ ነው። ቁራሽ እንጀራ ሽሮ ውስጥ ነክሮ አፉ ያደረሰ ልጅ ፊት አንድ ጠፍጣፋ ብረት ብናስቀምጥ በምን ሒሳብ ይመርጠዋል?

ደግሞ ሁሉም ምግብ በእጅ የሚሆን አይደለም። ገንፎ ይፋጃል። እርጎ፣ ሩዝና ሾርባ ለእጅ አይመቹም። ስለዚህ ማንኪያው ያስፈልጋል፤ ማስፈለጉ ግን ለልጁ እጅ ተመችቷል ማለት አይደለም።

ማንኪያና ሹካ በዚህ ሰፈር የቆየ ታሪክ አላቸው። አራዳ ከጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው ትልቁ ገበያ ነው። አርመኑም፣ ግሪኩም፣ ሕንዱም ነጋዴ ሱቁን በዚያ ዙሪያ ከፈተ። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሆቴላቸውን ያሠሩት እዚሁ ነው፤ ለእንግዳ በወንበርና በጠረጴዛ፣ በሹካና በቢላ ማቅረብ ለከተማው ሰው መታየት የጀመረው እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በቆየው ወረራ ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወሩት፤ ቦታው በቋንቋቸው «አደባባይ» የሚል ስም ወጣለትና ፒያሳ ሆኖ ቀረ። ወራሪው ሄዶ ፓስታና መኮሮኒው ቀረ፣ ከነሹካው። በ2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ሲፈርሱ፣ ከነዚያ ቤቶች ጓዳ የወጡትን የድሮ ሹካና ማንኪያዎች አስባለሁ። በከባድ እጅ የሚያዙ፣ ረዣዥም፣ የአዋቂ ዕቃዎች ነበሩ። ልጅ አድጎ እስኪደርስባቸው ይጠብቁት ነበር።

ለልጅ ተብሎ የሚሸጠው ማንኪያ ከዚያ ብዙም አልራቀም። የአዋቂውን ማንኪያ ወስደው አሳጥረውታል፤ እጀታው ላይ ድብ ወይም ጥንቸል ቀርጸውበታል። ሲያሳጥሩት ደግሞ አብሮ ቀጥኗል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የልጅ እጅ የአዋቂ እጅ ተኮማትሮ አይደለም። አያያዙ ራሱ ሌላ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጥናት የሰው እጅ ዕቃ የሚይዝባቸውን መንገዶች በሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛው የኃይል አያያዝ ነው፤ ዕቃው በመዳፍና በታጠፉ ጣቶች መካከል ይገባል፣ መዶሻ እንደምንይዘው። ሁለተኛው የጥንቃቄ አያያዝ ነው፤ ዕቃው በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች ጫፍ ይያዛል፣ እርሳስ እንደምንይዘው። እኛ ማንኪያ የምንይዘው በሁለተኛው ነው። የአንድ ዓመት ልጅ ማንኪያ የሚይዘው በመጀመሪያው ነው። ወደ እርሳስ አያያዝ የሚጠጋው ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ቀስ በቀስ ነው፤ ጣቶቹ ተለይተው በቅልጥፍና እስኪንቀሳቀሱለት አምስትና ስድስት ዓመት ይሞላዋል።

ቀጭኑ እጀታ የተሠራው ለጣት ጫፍ ነው። በጭብጥ ሲያዝ ጣቶቹ ይዘጉና መሀላቸው ባዶ ይቀራል። ማንኪያው በዚያ ባዶ ቦታ ይሽከረከራል። ኬክ ቤት ውስጥ ያየሁት ሹካ የዞረው ለዚህ ነው። ልጁ እንዳይዞርበት አጥብቆ ይጨብጣል፤ አጥብቆ ሲጨብጥ የእጁ አንጓ ይደርቃል፤ አንጓው ሲደርቅ ማንኪያውን ቀና አድርጎ ማምጣት ያቅተዋል። በክርኑና በትከሻው ሊያካክስ ይሞክራል። አስተውላችሁ ከሆነ፣ ማንኪያ የሚለማመድ ልጅ ክርኑን ወደ ላይ አንስቶ እንደ ክንፍ ይዘረጋዋል። ጨዋታ አይደለም። አንጓው ያልሠራለትን በክንዱ እየሠራ ነው።

ርዝመቱም የራሱ ዕዳ አለው። ከመዳፉ እስከ ማንኪያው አፍ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና አንጓው ጥቂት ቢወዛወዝ የማንኪያው አፍ በዚያው ልክ ይወዛወዛል። ርቀቱ 12 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ውዝዋዜው እጥፍ ይሆናል። የአዋቂ የሾርባ ማንኪያ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። እጁ ገና የሚንቀጠቀጥ ልጅ ይህን ሲይዝ፣ የሚፈሰው ሽሮ ግማሹ የማንኪያው ጥፋት ነው።

ልጆች ይህን ችግር እንዴት እንደሚፈቱት በጥሞና የተመለከቱ ሰዎች አሉ። ኬቨን ኮኖሊና ሜሪ ዳልግሊሽ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ሥራ፣ ሕፃናት በማንኪያ ሲበሉ በየወሩ እየቀረጹ ተከታትለዋል። ትንንሾቹ ማንኪያውን በብዙ ዓይነት አያያዝ ይሞካክራሉ፤ እያደጉ ሲሄዱ የሚሠራላቸውን እየመረጡ ሌላውን ይተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ማይክል መካርቲና ባልደረቦቹ በምግብ የተሞላ ማንኪያ አንዴ እጀታውን ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አድርገው በልጆች ፊት አስቀመጡ። የዘጠኝ ወር ልጆች በለመዱት እጅ አፈፍ ያደርጉትና አንዳንዴ የእጀታውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። የ14 ወሮቹም ይሳሳታሉ፤ ግን አፋቸው ጋ ሳይደርሱ ያርሙታል። የ19 ወሮቹ ከመንካታቸው በፊት አይተው የሚመቸውን እጅ ይልካሉ። አንድ ማንኪያ በማንሳት ውስጥ ይህን ያህል ሐሳብ አለ። «ልጁ ዝም ብሎ ያበላሻል» የምንለው ጊዜ፣ ልጁ እያሰበ ያለበት ጊዜ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ራሴ ልሞክር ፈለግሁ። የእህቴ ልጅ ያኔ 19 ወሩ ነበር። ዘመናዊ መለኪያ የለኝም፤ እህቴ ግን ለዳቦ ያቦካችው የስንዴ ሊጥ ነበራት። በጣት ውፍረት ልክ ድብልብል አድርጌ «እንካ ማሙሽ፣ ጨብጠው» አልኩት። ጨበጠው፣ ሳቀ፣ ለቀቀው። ሊጡ ላይ አራት ጣቶቹ አራት ሸለቆ ሠርተዋል፤ ከወዲያ በኩል የአውራ ጣቱ ጉድጓድ አለ። ሊጡን አወፍሬ ደገምኩት፤ ከዚያም አወፍሬ ሠለስኩት። በቀጭኑ ሊጥ የጣቶቹ ጫፍ መዳፉን ነክተዋል፤ ማለትም የያዘው አብዛኛው የራሱን እጅ ነው። በጣም ወፍራሙን ሙሉ በሙሉ ሊከበው አልቻለም። መካከለኛው አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው፤ ሸለቆዎቹ እኩል ጠልቀውበት ወጡ። የመዳፉ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጀታው ከዚያ ትንሽ ተርፎ ሰባት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ያን ቀን ልጅ የጨበጠው ሊጥ ለማንኪያ በቃ።

ሊጡን አድርቄ ወደ ሠራተኛ ሰፈር ይዤው ወረድኩ። ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን ከሰፈሩት የእጅ ባለሙያዎች ነው፤ የአራዳ አንጥረኛና ጠራቢ ታሪክ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ሰፈር ነው። እዚያ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ እንጨት ጠራቢ ነበሩ። የደረቀውን ሊጥ በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«የማንኪያ እጀታ ነው ጋሼ። የሕፃን።»

«የገንፎ ማንኪያ በለኛ!» አሉኝና ከመደርደሪያቸው አንድ የእንጨት ማንኪያ አወረዱ።

እውነታቸውን ነበር። የገጠሩ የእንጨት ማንኪያ እጀታው ድብልብል፣ ወፈር ያለ፣ ጠርዝ የሌለው ነው። ትንሽ ሻካራነት ስላለው ቅቤ በነካው እጅም አይሾልክም። የቀንድ ማንኪያም እንዲሁ ለከንፈር አይቀዘቅዝም፣ አይፋጅም። ከውጭ መጣ ብለን የተቀበልነው ጠፍጣፋ ብረት ከመምጣቱ በፊት ለልጅ እጅ ይበልጥ የሚቀርበው ዕቃ ጓዳችን ውስጥ ነበር። የጎደለው ልኩ ብቻ ነው፤ ለአባወራ እጅ እንጂ ለልጅ እጅ አልተጠረበም።

ጋሼ ከወይራና ከዋንዛ አንዳንድ ጠረቡልኝ። ዋንዛው ቀለል ይላል፣ ለመጥረብም ይገራል። ወይራው ይከብዳል፤ ግን ጠንካራ ስለሆነ በጥርስ ሲነከስ አይጎዳም። ልጅ ደግሞ ማንኪያ ይነክሳል። እጀታውን መሀሉ ላይ ሆድ አድርገው ወደ ጫፉ አሰፉት። ጫፉ የሰፋው ለውበት አይደለም። ማንኪያው ከጭብጥ እንዳይሾልክ ይይዘዋል፤ ልጁ ገልብጦ በእጀታው በኩል አፉ ውስጥ ቢከተውም ወደ ጉሮሮው ዘልቆ እንዳይገባ ያግደዋል። ቫርኒሽ አላስነካነውም። ንጹህ የተልባ ዘይት ጠጥቶ ደረቀ።

የማንኪያው አፍ ብዙ አከራከረን። ጋሼ ጥልቅ እንዲሆን ፈለጉ፤ «ምን ሊይዝለት ነው?» አሉኝ። ነገር ግን ጥልቅ ማንኪያ ባዶ የሚሆነው የላይኛው ከንፈር ተጭኖ ሲጠርገው ነው፤ ትንሽ ልጅ ከንፈሩን እስከዚያ ማውረድ አይሆንለትም፣ ምግቡ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ጠለል ያለ ማንኪያ ጥቂት ይይዛል፤ የያዘውን ግን ያደርሳል። ገንፎና ፍትፍት ስለሚጣበቁ ጠለል ካለው ላይም አይወድቁም። አጥሚትና ሾርባ ግን በእንዲህ ያለ ማንኪያ አይሆኑም፤ እነሱን ልጁ ከኩባያ ቢጠጣቸው ይሻላል። ስለዚህ ማንኪያ ለመለማመድ ወፈር ያለ ምግብ ማቅረብ የንድፉ አንድ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። እናት ገንፎውን ትንሽ ስታወፍረው የማንኪያ ሥራ እየሠራች ነው።

አንገታቸው ወደ አንድ ጎን የታጠፈ የልጅ ማንኪያዎችም አሉ። አንጓው ለማይታዘዝለት ልጅ ማንኪያው ራሱ ወደ አፍ ዞሮ ይጠብቀዋል። ብልህ መፍትሔ ነው፤ ግን ለቀኝ የታጠፈው ለግራ አይሆንም። በዚህ ዕድሜ ልጅ እጁን ያለዋውጣል፤ ግራኝም ሊሆን ይችላል። በቀኝ መብላትን ማስተማር የወላጅ ፈንታ ነው፣ ማንኪያው ግን ከወላጅ ቀድሞ መፍረድ የለበትም። እኔ ቀጥ ያለውን፣ ዙሪያው እኩል የሆነውን እመርጣለሁ።

ወፍራም እጀታ ለደካማ እጅ እንደሚበጅ ዓለም ያወቀው ከሌላ በር ገብቶ ነው። ስዊድን ውስጥ ማሪያ ቤንክትሶንና ስቬን ኤሪክ ዩሊን የተባሉ ንድፍ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመጨበጥ አቅማቸው የቀነሰ ሰዎችን አያያዝ አጥንተው የመመገቢያ ዕቃ ሠሩ፤ ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አሜሪካዊው ሳም ፋርበር፣ ባለቤቱ በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት መላጫ መያዝ ሲያቅታት አይቶ፣ ወፍራም የጎማ እጀታ ያላቸው የወጥ ቤት ዕቃዎችን ለገበያ አወጣ። ለሕመምተኛ የታሰበው ለጤነኛውም ተመቸ።

ስለ ማንኪያው ሥሪት ጥቂት ልበል። ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ የምትታወቅ ናት፤ ለክርስትና ልጅ የአንገት መስቀል የሚገዛው ከዚያ ነው። የብር ማንኪያ ለሕፃን ማበርከትም ደስ የሚል ስጦታ ይመስላል። ነገር ግን ብር ከብረታ ብረት ሁሉ ይበልጥ ሙቀት ያስተላልፋል፤ ትኩስ ገንፎ ውስጥ የቆየ የብር ማንኪያ ከንፈር ያቃጥላል። አሉሚኒየምም ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል። ስቴንለስ ከአሉሚኒየም ከአሥር እጥፍ ባላነሰ ያነሰ ሙቀት ያስተላልፋል፤ እንጨትማ ጭራሽ አይወዳደርም።

ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ፣ ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ የአሉሚኒየም ማንኪያ ግን ለሕፃን አይግዙ። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን ከአሮጌ ብረት በተሠሩ ድስቶች ላይ በታተመ ምርመራ ወደ ምግብ የሚለቀቅ እርሳስ ተገኝቷል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉትን ባለሙያዎች ብልሃት አከብራለሁ፤ ከወደቀ ነገር ስንት ዕቃ ይሠራሉ። የሕፃን አፍ የሚገባው ዕቃ ግን መነሻው መታወቅ አለበት። እንዲሁም ቀጭኑን እጀታ ለማወፈር የብስክሌት ከመነዳሪ የሚጠቀልሉ ሰዎች አይቻለሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ጎማው ግን ለአፍ አይደለም። ንጹህ የጥጥ ጨርቅ አጥብቆ ጠቅልሎ መስፋት ይቻላል፤ በየቀኑ ይታጠባል። እንጨቱም ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ከተሰነጠቀ ይጣል። እጀታው ላይ የተለጠፈ ጌጥ ካለ ነቅንቃችሁ እዩት። የአሻንጉሊት ደኅንነት ፈታሾች 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት አጭር ቱቦ አላቸው፤ ውስጧ ሙሉ በሙሉ የገባ ቁራጭ ሕፃን ሊያንቅ ይችላል ብለው ይቆጥሩታል።

የወይራውን ማንኪያ የእህቴ ልጅ ተቀበለው። መጀመሪያ ጠረጴዛውን ደበደበበት። ከዚያ ነከሰው። በሦስተኛው ቀን ገንፎው ውስጥ ሰካው፣ አነሳው፣ ክርኑ እንደ ክንፍ ከፍ አለ፣ ማንኪያው ግን አልዞረም። ገንፎው አፉ ገባ። እህቴ ጉሮሮዋ ድረስ የደረሰውን «እኔ ላጉርስህ» ዋጥ አደረገችው፤ አየኋት።

ያን መዋጥ አቀለዋለሁ ማለት አይደለም። ጉርሻ ፍቅራችን ነው። እህል አይረገጥም እየተባልን ስላደግን ምንጣፍ ላይ የወደቀ ገንፎ ያመናል። የልጅ ሆድ በራሱ እጅ አይሞላም ብለን እንፈራለን፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ወር በኋላ ከጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ ይጀመር ሲል፣ አመጋገቡ ሳይገደዱ፣ በትዕግሥት፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይሁን ብሎ አብሮ ይመክራል። ሁለት ማንኪያ መጠቀም ይቻላል፤ አንዱ በእናት እጅ፣ አንዱ በልጁ እጅ። ልጁ ይሞክራል፣ እናት ታጎርሳለች፤ ሳህኑም ያልቃል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ማንኪያው ምሳ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያ ማንም አያጎርስም። ምሳ ዕቃው ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ፍርፍር ነው፤ በእጅ ለመብላት የተፈጠረው እንጀራ በማንኪያ የሚበላበት አንዱ መልኩ። ረጃጅም የእንጀራ ቁራጮች ከማንኪያው ጎን ተንጠልጥለው ይወድቃሉ። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ቤት ውስጥ እንጀራውን በልጁ ጉርሻ ልክ አሳጥሮ መቁረጥ፣ እና ጥርሶቹ አጫጭርና ደነዝ የሆኑ ሹካ መስጠት። ለመኮሮኒም የሚሆነው እሱ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ከተማው ልጆችን ይመግባል፤ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ። ለዚያ ሁሉ ልጅ ምግቡን ማዘጋጀት ትልቅ ሥራ ነው። ማንኪያውም እንዲሁ ቢታሰብለት ከሰሃኑ ጠርዝ ወድቆ የሚቀረው ይቀንስ ነበር። ዕቃን በልጅ ልክ መሥራት አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ጣሊያናዊቷ የሕፃናት አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በከፈተችው የመጀመሪያ የሕፃናት ቤት ወንበሩንም ጠረጴዛውንም በልጆቹ ልክ ያሠራችው ልጆቹ ያለ አዋቂ እርዳታ እንዲሠሩበት ነው።

ጋሼ ከዚያ በኋላ አምስት ማንኪያ ለጎረቤት ልጆች ጠርበዋል፤ ሊጡን እያስጨበጡ። አናጺዎች፣ አንጥረኞች፣ ዕቃ አስመጪዎች፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ ሥራው ከባድ አይደለም፤ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ሰባት ሳንቲ ሜትር እጀታ፣ ጠለል ያለ አፍ፣ ሰፋ ያለ ጫፍ። ወላጆችም ለልጃችሁ ጫማ ስትገዙ እግሩን ትለካላችሁ። ማንኪያ ስትገዙም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እጀታውን አስጨብጡት፤ ጣቶቹ መዳፉን ከነኩ ማንኪያውን መልሱት።